ታች ጋቢ፣ ላይ ላብ፦ ኤሲው ክፍሎቹን ለምን እኩል አያቀዘቅዝም?

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ የከረመችበት ሰመር ነበር። ቤታችን ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ባለ ሦስት ደረጃ ታውንሃውስ ነው። እሷ ቤዝመንት ትተኛለች፣ እኛና ልጆቹ ላይኛው ፎቅ። ማታ «ደህና እደሪ» ልላት ስወርድ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ አገኛታለሁ። «ይሄን ማሽን ምን በድዬው ነው እንዲህ የሚቀጣኝ?» ትለኛለች። ወደ ላይ ስወጣ ደግሞ ትንሹ ልጄ አልጋውን ትቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል። በሁለቱ መሐል፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞስታት ምንም እንዳልተፈጠረ 72 ይላል።

ቴርሞስታቱ አልዋሸም። እሱ ያለበት ቦታ እውነትም 72 ፋራናይት ነው። ግን ከራሱ ደጃፍ አልፎ የሚያውቀው ነገር የለም። ሳሎኑ ሲቀዘቅዝለት ማሽኑን ያጠፋል፤ ላይ ያለው ልጅ አላበው፣ ታች ያለችው እናት በረዳት፣ ለእሱ ያው ነው።

ባለሙያ ጠራሁ። ውጪ ያለውን ማሽን አየት አድርጎ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ማሽኑ አንሷችኋል፤ ባለ ሦስት ቶኑን አውጥተን ባለ አራት እናስገባ» አለኝ። መጠራጠር የጀመርኩት ዋጋውን ስሰማ ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቢቀንስልኝ ኖሮ እፈርም ነበር። ያኔ ገንዘቤ ይሄዳል፣ ላዩ እንደሞቀ ይቀራል፣ እናቴም ሁለተኛ ጋቢ ትደርባለች። ለምን እንዲያ ይሆን እንደነበር ለመረዳት አየሩ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ማወቅ ያስፈልጋል።

የአየሩ ዙሪት

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ስለ ኤሲ ብዙም ሳናውቅ ነው እዚህ አገር የቤት ባለቤት የምንሆነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ለተቀመጠ ከተማ መስኮት መክፈት ይበቃዋል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ የኖረ ሰው ደግሞ የሚያውቀው በየክፍሉ የሚሰቀለውን ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማሽንና የራሱ ሪሞት ስላለው እንዲህ ያለ ጣጣ አይገጥመውም። በዋሺንግተን ዙሪያ፣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ቤቶቻችን ግን በአብዛኛው ያላቸው አንድ ማሽን፣ አንድ ቴርሞስታትና በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ የተዘረጋ የቱቦ መረብ ነው።

ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ሙቀት ከቤት እየለቀመ ውጪ ይጥላል። ፈርነስ በሚባለው የማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አንድ ትልቅ ማራገቢያ አለ። ይህ ማራገቢያ የቤቱን አየር ሪተርን በሚባለው ሰፊ ፍርግርግ በኩል ይስባል፣ በፊልተር ያሳልፈዋል፣ ኮይል በሚባለው ቀዝቃዛ ጥምዝ ቱቦ መሐል ይነፋዋል፣ ከዚያ ዳክት በሚባሉት ቱቦዎች ወደየክፍሉ ይገፋዋል። ክፍሉ የገባው አየር የክፍሉን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ሪተርኑ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሄዳል። ሰው ሁሉ ስለሚሄደው አየር ያስባል። ስለሚመለሰው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ፣ የኔ ቤት ችግር ግማሹ እዚያ ነበር።

ማሽኖቹ የሚለኩት በቶን ነው። ቶኑ የማሽኑ ክብደት አይደለም። ሰው በበረዶ ቤት ያቀዘቅዝ ከነበረበት ጊዜ የቀረ መለኪያ ነው፤ አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደውን ሙቀት ያመለክታል። በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ) መሆኑ ነው። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ቶን በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ፉት ገደማ አየር ይፈልጋል፤ ባለሙያዎቹ ሲኤፍኤም ይሉታል። ስለዚህ የኔ ባለ ሦስት ቶን ማሽን 1,200 ሲኤፍኤም ያህል አየር ያዞራል ማለት ነው። ዋናው ጥያቄ ይህ 1,200 ለማን ስንት ደረሰው የሚለው ነው። ልክ እንደ ሰርግ ቤት ነው፤ ወጡ ለሁሉ በቂ ሆኖ ሳለ ጓዳው አጠገብ ለተቀመጠው እየተደገመለት፣ ዳሱ ጥግ ያለው ባዶ ሳህን ይዞ የሚቀርበት። ተጨማሪ በሬ ቢታረድ እንኳ የጥጉ ሰው ያው ባዶ ሳህኑን ይዟል፤ አስተናጋጁ ወደዚያ አይደርስማ።

ከመክሰስ በፊት መለካት

ሦስት አራት ርካሽ ቴርሞሜትር ግዙ። በየክፍሉ በደረት ቁመት አስቀምጧቸው፤ ቬንት (አየሩ ወደ ክፍሉ የሚወጣበት ፍርግርግ) ፊት ወይም ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ አይሁን። ከዚያ ሦስት ቀን በወረቀት ያዙ፦ ጠዋት ስትነሱ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ (በእኛ አቆጣጠር፤ ልጆቹ አራት ሰዓት የሚሉት)፣ እና ማታ ስትተኙ። የክፍሉ በር ክፍት ወይም ዝግ እንደነበረም ጻፉ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ አትዝለሉት።

የኔ ወረቀት እንዲህ ይል ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሳሎኑ 72፣ ቤዝመንቱ 67፣ የኛ መኝታ ቤት 77፣ የልጆቹ ክፍል 80። ማታ ስንተኛ የኛ ክፍል ወደ 74 ወርዷል፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር። ዘግተን ተኝተን ጠዋት ስንነሳ ግን 77። የልጆቹ ክፍል ማታም 79፣ ፀሐይ ሳትወጣም 77።

ከላይና ከታች ሁለት ሦስት ዲግሪ መለያየት የሚያሳስብ አይደለም። ሞቃት አየር ቀላል ነው፣ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ቀዝቃዛው በደረጃው በኩል ቁልቁል ይፈስሳል። ቤዝመንቱ ደግሞ አፈር ውስጥ ስለተቀበረ ኤሲ ባይኖርም ቀዝቃዛ ነው። የኔ ቤት ልዩነት ግን 13 ዲግሪ ነበር። የቁጥሮቹም አካሄድ ምርመራውን ከየት እንደምጀምር ነገረኝ። ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሞቆ ማታ ከተመለሰ ፀሐይና ጣሪያው ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይመለስ ካነጋ አየር እየደረሰው አይደለም። በር ሲከፈት የሚሻለው፣ ሲዘጋ የሚብሰው ክፍል ደግሞ አየሩ መውጫ አጥቷል። ቤቱ በሙሉ ከሞቀ ብቻ ነው ማሽኑን መጠርጠር ያለብን።

ማሽኑን ለመፈተሽም ብዙ አይፈጅም። ፊልተሩን አውጥታችሁ ወደ መብራት አዙሩት፤ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ሌላ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ቀይሩት። ለልጆቹ አለርጂ ብለን መደብር ውስጥ ካለው ሁሉ ጥብቁን፣ መርቭ 13 የሚለውን መግዛት የተለመደ ነው፤ መርቭ የፊልተር ጥብቀት መለኪያ ነው። የፊልተሩ ማስገቢያ 1 ኢንች ብቻ ከሆነ ግን እንዲህ ያለው ፊልተር ማራገቢያውን ሊያንቀው ይችላል፤ ለብዙ ቤት መርቭ 8 ይበቃል። አየር ሲያጥር ደግሞ የሚራበው ከማራገቢያው የራቀው ክፍል ነው።

ቀጥሎ ማሽኑ ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሪተርኑ ጋ ያለውን አየርና ለማሽኑ ቅርብ ከሆነው ቬንት የሚወጣውን ለኩ። ልዩነቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ በጣም ወበቃማ በሆነ ቀን ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። የኔ 18 ነበር። የዚያ ባለሙያ ክስ እዚህ ላይ ፈረሰ። ልዩነቱ በጣም ካነሰ ወይም ፈርነሱ አጠገብ ያለው ወፍራም የመዳብ ቱቦ በረዶ ከያዘ ማቀዝቀዣውን አጥፉ፣ ማራገቢያው ብቻ እየሠራ በረዶው ይቅለጥ፣ ከዚያ ባለሙያ ይይ።

«ጋዝ አልቋል፣ በየዓመቱ ይሞላል» የሚላችሁን ሰው ግን አትመኑት። የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በዝግ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው። ከጎደለ የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ ያ ቦታ መገኘት አለበት። ጋዙን መንካት የሚችለውም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የሚጠይቀው የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ብቻ ነው። ደግሞም ጋዝ ሲጎድል ቤቱ በሙሉ ነው የሚሞቀው፤ የልጆቹን ክፍል ለይቶ አያጠቃም።

የሚሄደው መንገድ

የልጆቹ ክፍል ቬንት ላይ እጄን ሳደርግ የሚወጣው አየር የሕፃን እስትንፋስ ያህል ነው። የኛ ክፍል ግን እጅ ይገፋል። አንድ ወዳጄ፣ ሥራው የሕንፃ ጥገና የሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ «አቲክ ወጥተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አዎን፣ ሻንጣ ለማስቀመጥ።

ጣሪያ ሥር ያለው ያ ባዶ ቦታ በሰመር ቀትር ከ120 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው በጠዋት የሚወጣው። ስትወጡ አግዳሚ እንጨቶቹን ብቻ ርገጡ፤ በመሐላቸው ያለው ኮርኒስ ሰው አይሸከምም፣ እግራችሁ በስቶት ከታች ላለ ሰው ሰላምታ ይሰጣል። ባትሪ ይዘን ወጣን። ከዋናው ሳጥን ወደ ልጆቹ ክፍል የሚሄደው ቱቦ ፍሌክስ የሚሉት ነው፤ የሽቦ ጥምዝ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ፣ ከውጪ ሙቀት በሚከላከል ኢንሱሌሽንና በብርማ ሽፋን የተጠቀለለ፣ ሲጫኑት የሚጨፈለቅ። በላዩ ላይ ለአገር ቤት ዕቃ የምናጠራቅምበት ትልቁ ሻንጣ ተጋድሟል። ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ለእህቶቼ ልጆች የገዛነው ጫማ ሁሉ የኔን ልጅ እስትንፋስ ተጭኖት ከርሟል።

ሻንጣውን ስናነሳ ቱቦው ጠፍጣፋ ሆኗል። ከዚያ አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ነገር፦ ገጣሚው ርዝመቱን መቁረጥ ስለሰለቸው ትርፉን እንደ እባብ አጥፎ ትቶታል። ፍሌክስ ሙሉ በሙሉ ካልተወጠረ ውስጡ እንደ አኮርዲዮን ይሸበሸባል፣ አየሩ በየሽብሽቡ እየተጋጨ ይደክማል፤ ሹል እጥፋትማ ቱቦውን እንደ መዝጋት ነው። ትርፉን ቆረጥነው፣ ወጠርነው፣ በየአራት ፉቱ በሰፊ ማንጠልጠያ አሰርነው። ጠባብ ገመድ አትጠቀሙ፤ እሱም ያንቀዋል።

ሦስተኛው ነገር ፍሳሽ ነው። ዋናው የብረት ሳጥንና ቱቦው የሚገናኙበት ቦታ ላይ እጃችንን ስናደርግ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። አቲኩን እያቀዘቀዝን ነበር! ኢነርጂ ስታር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም እንደሚለው በተለመደ ቤት በዳክት ውስጥ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በፍሳሽና በተላቀቀ መገጣጠሚያ ይጠፋል። ጉዳቱ ድርብ ነው። አቲክ ውስጥ የጠፋውን አየር ለመተካት ቤቱ በየመስኮቱና በየበሩ ስንጥቅ ከውጪ ወበቅ ይስባል።

ለማሸግ የሚሆነው ማስቲክ የሚባለው ወፍራም ቅባት ነው፤ በብሩሽ እንደ ምርጊት ይለቀለቃል፣ ሲደርቅ አይላቀቅም። ብረት ለብረት ላይ የአሉሚኒየም ፎይል ቴፕም ይሠራል። ዳክት ቴፕ የሚሉት ግራጫው የጨርቅ ቴፕ ግን ስሙ ዳክት ይሁን እንጂ ለዳክት አይሆንም። የሎውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ባደረጉት ሙከራ የተለያዩ ማሸጊያዎችን ደጋግመው እያሞቁና እያቀዘቀዙ ሲፈትኗቸው የወደቀው እሱ ነበር። ማጣበቂያው ይደርቅና ይፈርሳል። የኛም አቲክ ውስጥ አንዱ ቁራጭ ተልጦ ተንጠልጥሎ ነበር።

ያን ቀን ማታ የልጆቹ ክፍል 75 ሆነ። አቲክ ለመውጣት የሚከብደው ሰው ወይም ተከራይ ከሆናችሁ ይህን ሥራ ለሚሠራ ሰው ልትነግሩት የምትችሉት አንድ ነገር አለ፦ «ስታቲክ ፕሬዠሩን ለካልኝ።» ማራገቢያው አየሩን ለመግፋት ስንት እንደሚታገል የሚያሳይ፣ እንደ ሰው የደም ግፊት ያለ ቁጥር ነው። የሚለካው በውሃ ዓምድ ኢንች ሲሆን ብዙ ማራገቢያዎች የተሠሩት ለ0.5 ኢንች ነው፤ ከዚያ በጣም ከበለጠ መንገዱ የሆነ ቦታ ታንቋል። መለኪያውን ከመኪናው ሳያወጣ ማሽን ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ካለ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።

የሚመለሰው መንገድ

የኛ መኝታ ቤት ነገር ሌላ ነበር። ቬንቱ ደህና ይነፋል፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው፤ ሆኖም በሩን ዘግተን ስንተኛ ሌሊቱን እየሞቀ ያድራል።

ላይኛው ፎቅ ያለን ሪተርን አንድ ብቻ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ። ይህ በታውንሃውስ የተለመደ ነው፤ ለየክፍሉ ሪተርን መሥራት ገንዘብ ስለሚፈጅ ገንቢዎቹ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ይመኩበታል። በር ሲዘጋ ክፍሉ እንደ ተነፋ ፊኛ ይሆናል። የገባው አየር መውጫ ስለሌለው የሚገባውን መልሶ ይገፋዋል። የሚተርፈው በመስኮቱ ስንጥቅ ወደ ውጪ ይወጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሪተርን ደግሞ የጎደለውን ከሌላ ቦታ፣ አንዳንዴ ከአቲኩ፣ ይስባል።

ይህን ለማየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ኤሲው እየሠራ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከኮሪደሩ በኩል ሰንደል ለኩሱና በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አጠገብ ያዙት። የኛ ሰንደል ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ በሩን ዝግት ሳደርግ በንዴት ወደ ኮሪደሩ ተወረወረ። እናቴ ቆማ እያየች «ቡና ሳይፈላ ዕጣን የሚያጨስ ቤት አሁን ገና አየሁ» አለች። በሩን ቀስ ብላችሁ ገርበብ ስታደርጉት ጭሱ ከተረጋጋ ነገሩ ተገኝቷል።

በቁጥር ደግሞ ይኸውላችሁ። የመኝታ ቤት በር ወርዱ 30 ኢንች ቢሆንና ከሥሩ ሙሉ 1 ኢንች ክፍት ቢሆን፣ ክፍሉን ሳያፍን በዚያ የሚያልፈው አየር 60 ሲኤፍኤም ያህል ነው። የኛ ክፍል የሚገባው 150 ገደማ ነበር። ደግሞ 1 ኢንች ማን አለው? ካርፔቱን ከሁለት ዓመት በፊት አስቀይረናል፣ አዲሱ ወፍራም ነው፤ በበሩ ሥር የቀረው ክፍተት ጣት አያስገባም። ቤት የሚያምረው አንዳንዴ በአየሩ ኪሳራ ነው።

መፍትሔው ከርካሹ ይጀምራል፦ በር ከፍቶ መተኛት። ይህ ነፃ ነው፣ ግን ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል። በሩን አውርዶ ከሥሩ መቁረጥ ይረዳል፣ ብቻውን ግን እንደ ተባለው ለትልቅ ክፍል አይበቃም። እኛ ያደረግነው ከበሩ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አውጥቶ በሁለቱም በኩል ፍርግርግ መግጠም ነው፤ አየሩ በዚያ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ጉዳቱ ድምፅም አብሮ መውጣቱ ነው። ሚስጥር የሚያወሩበት ክፍል ከሆነ በአቲክ በኩል ዞሮ ከክፍሉ ኮርኒስ ወደ ኮሪደሩ ኮርኒስ የሚወርድ አጭር ፍሌክስ ይሻላል፤ መታጠፉ ወሬውን ይውጠዋል። ከዚያ ወዲህ የኛ ክፍል በሩ ዝግም ሆነ ክፍት ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ነው።

የማይገባ ሙቀት

መንገዱ ከተስተካከለ በኋላም ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚሞቅ ክፍል ካለ፣ አየር ከመጨመር ሙቀቱን ከደጅ መመለስ ይቀላል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላሉ ቤቶች የሚመከረው የአቲክ ኢንሱሌሽን ከአር 49 እስከ አር 60 ነው (አር ሙቀት የመከላከል አቅሙ መለኪያ ነው)፤ የቆዩ ቤቶች ብዙ ጊዜ ግማሹን እንኳ የላቸውም። ወደ አቲክ የሚያስወጣው መክደኛ በራሱ ስስ ጣውላ ከሆነ በጀርባው ኢንሱሌሽን ለጥፉበት፣ ዙሪያውን በጎማ ዝጉት። ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መጋረጃው ይዘጋ፤ ፀሐይዋን ከመስታወቱ ውጪ ማቆም ከቻላችሁ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ከጋራዥ በላይ ያለ ክፍል ዓይነተኛ በሽተኛ ነው፤ ወለሉ ሥር ኢንሱሌሽን መኖሩን ሳታዩ ሌላ ነገር አትግዙለት።

ከውጪ የማይመጣ ሙቀትም አለ። 110 ቮልት ላይ የሚሰካው የእንጀራ ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ይስባል። ይህ በሰዓት ከ5,000 ቢቲዩ በላይ፣ የአንድ ቶን ማሽን ግማሽ የሚጠጋ ሙቀት ነው። ሁለት ሰዓት እንጀራ ስትጋግሩ ከማሽናችሁ ግማሽ ቶን እየበላባችሁ ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚጋግሩ እናቶች ይህን ሳይሰሉ ደርሰውበታል።

እንዳትሳሳቱ

«የማትጠቀሙበትን ክፍል ቬንት ዝጉ፣ አየሩ ወደሚሞቀው ይሄዳል» የሚል ምክር ከሁሉም አፍ ትሰማላችሁ። ትንሽ እውነት አለው። አንድ ሁለቱን በከፊል መቀነስ አይጎዳም። ብዙውን ከዘጋችሁ ግን የማራገቢያው ግፊት ይጨምራል፣ አየሩ በየፍሳሹ ይወጣል፣ በኮይሉ ላይ የሚያልፈው ሲያንስ ኮይሉ በረዶ ይይዛል። ከቬንቱ ይልቅ የሚሻለው ቤዝመንት ውስጥ በብረቱ ቱቦ ላይ ያለው ዳምፐር የሚባለው የአየር መዝጊያ ነው፤ ከቱቦው ጎን የወጣች ትንሽ እጀታ። ከቱቦው ጋር ትይዩ ስትሆን ክፍት ነው፣ ስታቋርጠው ዝግ። የቤዝመንቱን በግማሽ ቀንሱ፣ አንድ ቀን ጠብቁ፣ ለኩ፣ እንደገና ትንሽ።

ስለ ትልቅ ማሽን ደግሞ፦ የዋሺንግተን አካባቢ ሰመር ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱም ነው የሚያስጨንቀው። ከልክ በላይ የሆነ ማሽን ሳሎኑን በአምስት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይጠፋል፤ ከአየሩ ውሃ ለማውጣትም ላይኛው ፎቅ ለመድረስም ጊዜ አያገኝም። ቤቱ ቀዝቃዛና ረጥባማ ይሆናል፣ እንደ ሐምሌ ጓዳ። የማሽን መጠን የሚወሰነው ማንዋል ጄ በሚባል ስሌት ነው፤ የየክፍሉን መስኮት፣ ግድግዳ፣ አቅጣጫና ኢንሱሌሽን ይጠይቃል። እነዚህን ሳይጠይቅ ቶን የሚጠራ ሰው ገምቶ ነው። ማራገቢያውን «ኦን» ላይ አድርጎ 24 ሰዓት ማሠራት የፎቆቹን አየር ያቀላቅላል፣ ግን ኮይሉ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ መልሶ ወደ ቤት ስለሚነፋ በወበቅ ቀን አልመክረውም። ሌሎች ክፍሎች ላይ የሚቀመጥ ሴንሰር ያለው ቴርሞስታት ግን ገንዘቡ አይቆጭም፤ ማታ የልጆቹን ክፍል እንዲሰማ አድርጌዋለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አልስተካከል ያለ አንድ ክፍል ከቀረ ለእሱ ብቻ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሚኒ ስፕሊት ማስገባት ሙሉውን ማሽን ከመቀየር ይሻላል። ታውንሃውስ ከሆነ ውጪ የሚቀመጠውን ክፍል ኤችኦኤው (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) መፍቀዱን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ገዝቶ ጋራዥ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ።

እኛ እዚያ አልደረስንም። ነሐሴ ላይ ሳሎኑ 72 ሲሆን የልጆቹ ክፍል 75፣ ቤዝመንቱ 70 ሆነ። እናቴ 70ም ብርድ ነው ብላ ጋቢዋን አላወለቀችም። ዳምፐሮቹ ላይ በማርከር «ሰመር» እና «ዊንተር» ብዬ ምልክት አድርጌያለሁ፤ ማሞቂያው ሲጀምር ሞቃቱ አየር ራሱ ወደ ላይ ስለሚሮጥ ጥቅምት ላይ ወደ ሌላው ምልክት እመልሳቸዋለሁ። ሻንጣው ጋራዥ ውስጥ ነው።